ታርጋ የሌለው ግራይንደር

መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ የሚያውቅ ሰው መለዋወጫ እዚያ በቁጥር እንደማይፈለግ ያውቃል። የተሰበረውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ነጋዴው በእጁ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ያየዋል፤ ከክምሩ ውስጥ አንዱን መዝዞ ከእርስዎ ጋር ያስተያየዋል፤ አልገጥም ካለም ሞርዶ ያስገጥመዋል። አትላንታ ውስጥ ግን የተበላሸውን ድሪል ተሸክመው የጥገና ባንኮኒ ፊት ሲቆሙ ሻጩ ዕቃውን ከማየቱ በፊት ቁጥሩን ይጠይቃል። ቁጥሩ ከሌለ ዕቃውም የለም።

የዛሬው ጽሑፋችን ከፓውን ሾፕ፣ ከፍሊ ማርኬት ወይም ከያርድ ሴል የገዙት ድሪል፣ ግራይንደር ወይም መጋዝ ሲቆም መለዋወጫውን እንዴት እንደሚያገኙ ነው። ይህ ዓምድ የኢሚግሬሽን ጉዳይም የሚነሣበት ስለሆነ "ድሪልና ግሪን ካርድን ምን አገናኛቸው?" የሚል ካለ ጥቂት ይታገሠኝ። የሚገናኙት መሣሪያው ላይ በተለጠፈች አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ላይ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከራሴ ልጀምር። ሱቄን ስከፍት የመደርደሪያውን ብረት ራሴ ለመቁረጥ ወሰንኩ። አንድ ቅዳሜ መኪና ማቆሚያ ላይ ከመኪናው ኋላ ዕቃ አውጥቶ የሚሸጥ ሰው አገኘሁና ስሙ የታወቀ ግራይንደር በ25 ዶላር ሸጠልኝ። ደረሰኝ አልሰጠኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ቤት ወስጄ ስሰካው እንደ አንበሳ አገሣ። ሦስተኛው ብረት ላይ ስደርስ ከሆዱ ሰማያዊ ብልጭታ ወጣ፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ ቆመ። ካርቦኑ ማለቁ ገብቶኛል። "ካርቦን የጥቂት ዶላር ነገር ናት" ብዬ ወደ አንድ ጥገና ቤት ይዤው ሄድኩ። ባንኮኒው ላይ የነበረው ሰው ቁጥሩን ሊያነብ ገለበጠው። ሰሌዳው ሊኖር በሚገባው ቦታ ላይ የቀሩት ሁለት የሪቬት ቀዳዳዎች ብቻ ነበሩ። ቀና ብሎ አየኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ይህን ከየት ነው ያገኘኸው?" አለኝ። ያለ መልስ የቆምኩባትን ያቺን ደቂቃ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

የታክሲ ባለንብረቶች ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል። ታርጋ የሌለው መኪና መንገድ ዳር በርካሽ ቢሸጥላችሁ አትገዙም። የኤሌክትሪክ መሣሪያም ታርጋ አለው፤ ልዩነቱ ማንም የማያነበው መሆኑ ብቻ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? በጆርጂያ የተሰረቀ ዕቃ መቀበል ወንጀል የሚሆነው ዕቃው የተሰረቀ መሆኑን በእርግጥ ላወቀ ሰው ብቻ አይደለም፤ ማወቅ ለነበረበትም ጭምር ነው። ከዚህ ሌላ፣ የአምራቹ የስም ሰሌዳ ወይም መለያ ቁጥር ማንነቱን ለመደበቅ ተብሎ የተነሣበትን የኤሌክትሪክ ዕቃ ይህንኑ እያወቁ መግዛት፣ መሸጥ ወይም ይዞ መገኘት ለብቻው ወንጀል ነው። እዚህ ተወልዶ ላደገ ዜጋ ይህ በአብዛኛው የመቀጫና የፕሮቤሽን ጉዳይ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። ለእኛ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ኮንግረስ በ1996 ባወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ፣ የተሰረቀ ዕቃ መቀበልን ጨምሮ የስርቆት ወንጀል ፍርዱ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ "አግራቬትድ ፌሎኒ" ከሚባሉት ተራ ይገባል። ከዚያ በፊት መነሻው አምስት ዓመት ነበር። በጆርጂያ ደግሞ ሚስዲሚነር የሚባለው ቀላል ወንጀል እስከ 12 ወር ያስቀጣል። አሥራ ሁለት ወር ማለት አንድ ዓመት ነው! ፍርዱ ታግዶ አንዲት ቀን እንኳ እስር ቤት ባያድሩ የታገደውም ለኢሚግሬሽን ይቆጠራል። ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ለመባረር የሚዳርግ፣ የዜግነትንም በር የሚዘጋ ነገር ነው።

ይህን የምለው ያገለገለ ዕቃ አትግዙ ለማለት አይደለም፤ እኔም እስከ ዛሬ እየገዛሁ ነው። ግን ሰሌዳው የተነቀለ ወይም ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ በነፃ ቢሰጥዎም አይውሰዱ። ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ደረሰኙ ላይ የመሣሪያው መለያ ቁጥር እንዲጻፍ ያድርጉ። ፓውን ሾፕ የሚረከበውን ዕቃና ዕቃውን ያመጣውን ሰው ማንነት የመመዝገብ ግዴታ ስላለበት ከመኪና ኋላ ከሚሸጥ ሰው ይሻላል። ከያርድ ሴል ከገዙም ቀኑን፣ አድራሻውንና ዋጋውን ወረቀት ላይ አስፍረው ሻጩን ያስፈርሙ፤ ፈረንጅ ይህን ቢጠየቅ አይቀየምም። ነገሩ ፍርድ ቤት የደረሰ ከሆነ ደግሞ ጥፋተኛ ነኝ ብለው ከመፈረምዎ በፊት ጠበቃዎን ስለ ኢሚግሬሽን መዘዙ በግልጽ ይጠይቁ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 በሰጠው ውሳኔ መሠረት ይህን ማስረዳት የወንጀል ጠበቃ ግዴታ ነው።

የእኔን ግራይንደር አንዲት የማውቃት ጠበቃ ለፖሊስ አስረከበችልኝ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ደረሰኝ አለህ ወይ?" ብላ ነው። ከዚያ በኋላ "እንዳትሸጠው፣ እንዳትጥለውም" አለችኝ። የ25 ዶላሩ ግራይንደር ከእሷ ሒሳብ ጋር ተደምሮ ስንት እንደደረሰ ለባለቤቴም አልተናገርኩ።

አሁን ወደ ታርጋው ንባብ እንለፍ። ሰሌዳው ላይ የሞዴል ቁጥር፣ የመለያ ቁጥር፣ ቮልትና አምፔር ይጻፋል። ብዙ ሰው የሞዴል ቁጥሩን ብቻ ይዞ ይሄድና የማይገጥም ዕቃ ታቅፎ ይመለሳል። ዲዋልትን እንውሰድ፦ ከሞዴሉ አጠገብ "ታይፕ" የሚል ቃል ከቁጥር ጋር አለ። አንዱ ሞዴል ለዓመታት ሲመረት ውስጡ ይቀየራልና የታይፕ 1 ማብሪያ ለታይፕ 3 ላይሆን ይችላል። በሚልዋኪ ደግሞ ክፍሎቹ የሚለዩት በመለያ ቁጥሩ መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ሰሌዳውን በሙሉ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ ደብዝዞ ከሆነ ስስ ዱቄት ነስነስ አድርገው በጨርቅ ሲጠርጉት የተቀረጹት ቁጥሮች ብቅ ይላሉ።

ክራፍትስማን የራሱ ታሪክ አለው። ሲርስ በክራፍትስማን ስም ይሸጥ እንጂ መሣሪያዎቹን ሌሎች ኩባንያዎች ነበሩ የሚሠሩለት። ማን እንደሠራው የሚታወቀው በሞዴል ቁጥሩ ውስጥ ካለችው ነጥብ በፊት ባሉት ሦስት አሃዞች ነው፦ 113 ከሆነ ኤመርሰን፣ 315 ከሆነ ሪዮቢ ነው። ሲርስ የክራፍትስማንን ስም በ2017 ለስታንሊ ብላክ ኤንድ ዴከር ሸጧል፤ ያረጀ ክራፍትስማን ይዞ ወደ አዲሱ ባለቤት የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። በዚሁ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ያርድ ሴል ላይ ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚንሸራተት ትልቅ የክራፍትስማን መጋዝ ካዩ ሰሌዳውን ሳያነቡ አይንኩት። ከ1958 እስከ 1992 የተሸጡ እንዲህ ያሉ ኤመርሰን ሠራሽ መጋዞች ጣት የሚጠብቀው መሸፈኛቸው በቂ ባለመሆኑ በ2000 የደኅንነት ጥሪ ወጥቶባቸዋል። ብዛታቸው ወደ 3.7 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር፤ ዛሬም በየጋራዡ ተቀምጠው የሚገኙ አሉ።

የኩባንያዎቹ ዝምድና መለዋወጫ ለሚፈልግ ሰው ከሚያስበው በላይ ይጠቅመዋል። ብላክ ኤንድ ዴከር ዲዋልትን የገዛው በ1960 ነው፤ ቢጫ አልብሶ ለባለሙያ መሸጥ የጀመረው ግን በ1992 ነው። ፖርተር ኬብልንና ዴልታን በ2004 ጠቀለለ፤ በ2010 ደግሞ ራሱ ከስታንሊ ጋር ተዋሐደ። ዴልታ በ2011 ለታይዋን ኩባንያ ተሸጠ። በሌላ በኩል የሆንግ ኮንጉ ቲ.ቲ.አይ. ሚልዋኪንና ሪዮቢን ይዟል፤ ሆም ዲፖ የሚሸጠውን ብርቱካናማውን የሪጂድ ድሪልም የሚሠራው እሱ ነው። ከነዚህ የወንድማማች ስሞች አንዱ ላይ የጠፋ ክፍል ሌላው ላይ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ሻጩን "ይህ ክፍል በሌላ ስም ይወጣል ወይ?" ብሎ መጠየቅ አይጎዳም። የሪጂድ የዕድሜ ልክ ጥገና ግን ዕቃውን አዲስ ገዝቶ በጊዜው ላስመዘገበው ሰው ብቻ ነው። ፓውን ሾፑ "የዕድሜ ልክ ዋስትና አለው" ቢልዎ ለእርስዎ አይሠራም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ሆም ዲፖ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መደብሮች ሰኔ 22 ቀን 1979 የከፈተው እዚሁ አጠገባችን፣ አንዱን ዲኬተር ሜሞሪያል ድራይቭ ላይ፣ አንዱን ዶራቪል ቢውፎርድ ሃይዌይ ላይ ነው። የእኛ ሰው እንጀራ የሚሸጥባቸውና ታክሲውን የሚያስጠግንባቸው መንገዶች ናቸው። ማኪታም በ1985 ቢውፎርድ ከተማ ውስጥ ፋብሪካ ከፍቶ ነበር። መሣሪያ ለሚፈልግ ሰው አትላንታ መጥፎ ቦታ አይደለችም። የሆም ዲፖ የኪራይ ክፍል ሲያከራያቸው የቆዩትን መሣሪያዎች አውጥቶ ይሸጣል፤ የተንገላቱ ናቸው፣ ግን ሰሌዳቸው በቦታው ነው፣ ደረሰኝ ይሰጥዎታል፣ ለኪራይ የሚመረጡትም መለዋወጫቸው የማይጠፋ ሞዴሎች ናቸው።

ቁጥሩ ከተገኘ አምራቾቹ የእያንዳንዱን መሣሪያ ክፍሎች ፈታተው የሚያሳይ ሥዕል ያወጣሉ፤ እያንዳንዷ ብሎን ሳትቀር ቁጥር አላት። ሥዕሉን አይተው የክፍሉን ቁጥር ይያዙና ሲደውሉ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ክፍሉ አሁንም ይወጣል ወይስ ተቋርጧል? ቁጥሩስ በአዲስ ቁጥር ተተክቷል ወይ? የድሮውን ቁጥር ሰምቶ "የለም" የሚል ሻጭ፣ የተተካውን ሲነግሩት መደርደሪያው ላይ ያገኘዋል። የኤሌክትሪክ ክፍሎችን ከሸጡ በኋላ መልሰው የማይቀበሉ ብዙ ናቸውና ሳያረጋግጡ አይክፈሉ።

በብዛት የሚያልቀው ካርቦን ነው። ካርቦን ከሞተሩ ግራና ቀኝ ገብታ ኮሙታቶር በሚባለው የመዳብ ቀለበት ላይ እየታሸች ኤሌክትሪክ የምታስተላልፍ፣ የእርሳስ ስባሪ የምታህል ጥቁር ቁራጭ ናት። እንድታልቅ ተብላ የተሠራች ናት። ስታጥር ብልጭታው ይበዛል፣ መሣሪያው ይቆራረጣል፣ መታ ሲያደርጉት ይነሣል። ብዙ ድሪልና ግራይንደር በጎንና በጎኑ የፕላስቲክ ክዳን አለው፤ ሶኬቱን ነቅለው በካቻቢቴ ሲፈቱት ትወጣለች። አንዷ ብቻ ብታልቅም ሁለቱን አብረው ይቀይሩ። ማኪታ በካርቦኑ ጎን ላይ "ሲቢ" የሚሉ ፊደላትና ቁጥር ይቀርጻል፤ ያ ቁጥር ከመሣሪያው ሞዴል በላይ ይጠቅማል። ቁጥር የሌላትን ውፍረቷን፣ ስፋቷንና ርዝመቷን በሚሊሜትር ለክተው ይሂዱ። አዲሷ ካርቦን ቤቷ ውስጥ ሳትጠብቅ መንሸራተት አለባት። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ብትበርቅ አይደንግጡ፣ ገና እየተለማመደች ነው። የመዳቡ ቀለበት ጠቁሮና ተበልቶ ከሆነ ግን አዲስ ካርቦን ብቻ አያድነውም፤ በጥቂት ቀን ተመልሳ ታልቃለች። ሳይደርቅ በእርጥቡ እንደሚባለው ካርቦኗን ቀድሞ መቀየር ሞተሩን ያተርፋል።

ኩሽኔታ የሚፈልግ ሰው ከሁሉ ዕድለኛ ነው፤ የኩሽኔታ ቁጥር የዓለም ሁሉ ቁጥር ነውና። ጠርዙ ላይ 608 የሚል ካነበቡ ውስጡ 8፣ ውጩ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ነው፤ የልጆች ስኬትቦርድ ጎማ ውስጥ ያለው ያው ነው። 6201 ከሆነ 12፣ 32 እና 10 ነው። የመሣሪያው አምራች በራሱ ካርቶን አሽጎ የሚሸጥልዎን፣ ኩሽኔታ የሚሸጥ ቤት በቁጥሩ ብቻ አነስ ባለ ዋጋ ይሰጥዎታል። አዲስ አበባም ቢሆን ያው ቁጥር ነው። ለግራይንደር አቧራ እንዳይገባበት ጎኑ በጎማ የታሸገውን ይምረጡ።

ማብሪያና የኤሌክትሪክ ገመድ በቀላሉ ይገኛሉ። ጥርስና ማርሽ የአምራቹ ብቻ ናቸው። አርማቸር ከተቃጠለ ግን ቆም ብለው ያስቡ። አዲስ አበባ ቢሆን ሞተር ጠቅላይ ዘንድ ወስደው ያስጠቀልሉታል፤ እዚህ ለትንሽ ድሪል የጥቅለላው ዋጋ ድሪሉን ይበልጣል። አዲሱ አርማቸር ራሱ ያገለገለ መሣሪያ ለመግዛት የሚበቃ ገንዘብ ሊጠይቅ ይችላል። እኔ የማደርገው ያንኑ ሞዴል ሌላ ቦታው የተበላሸ ፈልጎ መግዛትና ሁለቱን አንድ ማድረግ ነው። የታክሲ ሰዎች ይህን ያውቁታል። የፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ምርት በ2011 እስኪቆም፣ ከቆመም በኋላ ለዓመታት፣ ያን መኪና የመረጡት አምሮባቸው አልነበረም፤ ከፖሊስ የወጣው ሁሉ መለዋወጫ ስለሚሆን ነው። ድሪልም ሲገዙ በየቦታው የሚታየውን ሞዴል ይግዙ። ለሱቅዎ ሥራ ከሆነ የመለዋወጫውንም ደረሰኝ አይጣሉ፤ ለግብር ሲሆን ወጪ ነው።

በባትሪ የሚሠራ ከሆነ መለዋወጫው ባትሪው ነው። ባዶውን ድሪል በ15 ዶላር አግኝተው ባትሪው ከ15 ዶላሩ በብዙ እጥፍ ይበልጥብዎታል። ዲዋልት በ2011 ባለ 20 ቮልት ማክሱን ሲያወጣ የድሮው ባለ 18 ቮልት ባትሪ ቤት ተቀየረ። ለድሮው ድሪል የዲዋልት ራሱ አዳፕተር አለ፣ ቁጥሩ ዲሲኤ 1820 ነው፤ ሥራ ሲጨርሱ ከባትሪው መንቀል እንዳይረሱ፣ አለዚያ ባትሪውን ይመጥጠዋል። ሪዮቢ ግን ከ1996 ጀምሮ ባለ 18 ቮልት ባትሪውን ቤት ስላልለወጠ የዛሬው ባትሪ ለድሮው ድሪል ይገጥማል። ርካሽ ነው ብለው የሚንቁት ሰዎች ይህን አያስቡትም።

በመጨረሻም ወደ አገር ቤት ለሚልኩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2023 ወደ አትላንታ መብረር ከጀመረ ወዲህ ሻንጣው ውስጥ ድሪል ሳይዝ የሚሄድ ሰው ያለ አይመስለኝም። ተነቅሎ የተያዘ የሊቲየም ባትሪ ወደ ጭነት አይገባም፣ በእጅ ሻንጣ ነው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ይፈቀዳል፤ 18 ቮልትን በ5 አምፔር ሰዓት ሲያባዙ 90 ይመጣልና ያልፋል፤ ባለ 6ቱ ግን 108 ስለሆነ አየር መንገዱን አስቀድመው ያስፈቅዱ። ቻርጀሩን ደግሞ ይመልከቱ፤ የአሜሪካው አብዛኛው 120 ቮልት ብቻ ነው፣ አገር ቤት 220 ላይ ከተሰካ ያው ጭስ ነው።

በገመድ የሚሠራውም እንደዚሁ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። 120 ቮልት በ7 አምፔር 840 ዋት ነው፤ ትራንስፎርመሩ የዚህን እጥፍ ቢችል ይመረጣል። ካርቦን ያለው ሞተር የእኛ አገር 50 ኸርዝ አያስጨንቀውም። ካርቦን የሌለው፣ እንደ ኮምፕሬሰርና እንደ ትልልቅ መጋዝ ያለው ግን ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፣ ይሞቃልም። ከዚህ ሁሉ በላይ መታሰብ ያለበት የመለዋወጫው ነገር ነው። አዲስ አበባ ያለው ማኪታ ባለ 220 ነውና አርማቸሩ የእርስዎ ላክሁት ያሉት ውስጥ አይገባም።

አንድ የታክሲ ባለንብረት ወዳጄ ባለፈው ጎንደር ላለው አናጢ ወንድሙ መጋዝ ሊልክ ሲል መጀመሪያ የሰሌዳውን ፎቶ አመጣልኝ። ቁጥሩን ይዘን አራት ጥንድ ካርቦንና ሁለት ኩሽኔታ ገዛን። ካርቦኖቹን በላስቲክ ጠቅልሎ ከመጋዙ እጀታ ጋር አሰራቸውና የሞዴሉን ቁጥር ፕላስተር ላይ በትልቁ ጽፎ ለጠፈበት።